ጽጌረዳና ኩሬ ሲጣሉ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። አምና ግቢዬ ውስጥ 2 በ3 ሜትር የሆነች ኩሬ አስቆፍሬ ዳር ዳሯን ጽጌረዳ ተከልኩ። በጋውን መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን የጽጌረዳው ቅጠል ጥቁር ነጠብጣብ እያወጣ፣ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ውሃው ጎመን የተቀቀለበት መስሏል። ጎረቤቶቼም «ትንኝ አራባሽብን» እያሉኝ ነው። ልድፈነው ይሆን እህቴ?

መልስ፦ አብሽሩ፣ አይደፈንም! ጽጌረዳና ኩሬ አብረው ሲታዩ ያምራሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጽጌረዳ ሥሩ ውሃ ቢጠጣ ደስ ይለዋል፣ ቅጠሉ ግን እርጥበት አይወድም። ያ ጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉ 7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ ይይዘዋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ማታ ዘንቦ እስኪነጋ እርጥብ ነው። ስለዚህ የረገፈውን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉት፣ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጥሉት። መሀሉ ላይ የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ነፋስ ያስገቡለት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀለል አድርገው ቢገርዙት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ ጥቅምት ላይ ቡና አፍልተው ሥሩ ይቀመጣሉ ማለት ነው።

መድኃኒት ልርጭ ካሉ ግን ኩሬው አጠገብ አይሆንም። ብዙዎቹ የተባይ መድኃኒቶች ለዓሣ መርዝ ናቸው።

ወደ ውሃው እንምጣ። እኔም ደሴ ላይ ጉድ ሆኜ ነው የተማርኩት። ያልበሰለ የላም ፍግ ጽጌረዳው ሥር አፈሰስኩ፣ ዝናቡ ጠርጎ ኩሬው ውስጥ ከተተልኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ብወጣ ዓሦቼ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ይተነፍሳሉ። ለካ ያ አረንጓዴ ነገር ቀን ቀን አየር ቢሰጥም ሌሊት መልሶ ይቀማቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጽጌረዳዎቼን ከኩሬው ሁለት እርምጃ አርቄ፣ መሀል ላይ ጎርፍ የሚመልስ ትንሽ ቦይ ቆፍሬያለሁ። ዳሩ ላይ ቄጠማ አለ፤ የተረፈውን ፍግ እሱ ይመጠዋል። ከውሃው ገጽ ግማሽ ያህሉ በተንሳፋፊ ተክል ጥላ ቢያገኝም ጥሩ ነው። እምቦጭ ግን በፍጹም! አበባው ያምራል ብሎ የሚሰጥዎት ሰው ካለ ጣናን ያስታውሱት።

ትንኙን በተመለከተ ጎረቤቶችዎ እውነት አላቸው። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ናት፣ ወባም አለባት። በዚያ ላይ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባል የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝቶ ከዚያ በኋላ እዚሁ አጠገብዎ ባቲም ታይቷል፤ እሱ ደግሞ ከተማ ውስጥ ሰው ያጠራቀመውን ውሃ ይወዳል። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ 10 ቀን ገደማ ቢፈጅበት ነው። 3 ወይም 4 ቆሮሶ ዓሣ ያስገቡ፣ እጩን ይለቅሙታል። መኖ አታብዙባቸው፣ የጠገበ ዓሣ ትንኝ አያድንም። ዓሣ ካልፈለጉ በየሳምንቱ ውሃውን ጨርሰው መቀየር ነው፣ አድካሚ ቢሆንም። ጓሮ የተጣለ ጎማና ባልዲም ካለ ይድፉት።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ። ክረምት ላይ ጽጌረዳው ሲከፋው ግቢው ባዶ ይሆንብኛል። ዝናብ የሚወድ አበባ የለም?

መልስ፦ ዳህሊያ አለልዎት! ግን ግንዱ ባዶ ስለሆነ የጦሳ ተራራ ነፋስ እንዳይሰብረው እንጨት ያስደግፉት፤ በረዶ ከጣለበት ግን እኔም መላ የለኝም። ረግረግ የሚል ቦታ ካለ ነጩን የካላ አበባ ይትከሉ። አደይ አበባን ደግሞ ሰው ለምን ከሜዳ ብቻ እንደሚለቅም አይገባኝም፤ ዘሩን ጥቅምት ላይ ሰብስበው ሰኔ ላይ አጥር ሥር ይበትኑት፣ መስከረም ላይ ከደጅዎ ይቀጥፋሉ።