ወደ ግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር መንደር በየትኛው ወር ይኬድ?

ጠያቂያችን ከጅማ ተነስተው ቤተሰባቸውን ይዘው በግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ መንደር ሁለት ሦስት ቀን ለመቆየት እንዳሰቡ ገልጸው፣ የትኛው ወር እንደሚመረጥ ጠይቀዋል። ብዙዎቻችሁ መስከረምን መክራችኋል። እኔ በዚያ አካባቢ ዘመዶች ስላሉኝ በክረምትም በበጋም እመላለሳለሁ፤ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን መስከረምን አልመክርም።

በቅድሚያ ሐይቁ እንዴት እንደሚሞላና እንደሚጎድል ማወቅ ያስፈልጋል። ግድቡ 184 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨውና በ1996 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው የግልገል ጊቤ አንድ ኃይል ማመንጫ ውኃ የሚያጠራቅም ነው። ክረምት የሰበሰበው ውኃ በጋውን ሙሉ ተርባይን ሲያዞር ስለሚከርም፣ ሐይቁ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሲሆን፣ እጅግ የሚጎድለው ደግሞ ቀጣዩ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ዳርቻው ተዳፋትነቱ አነስተኛ በመሆኑ ውኃው ጥቂት ዝቅ ባለ ቁጥር ሰፊ መሬት ይገለጣል፤ ስለዚህ በጥቅምት ውኃው ከደጃፉ አጠገብ ያየነውን ቤት በግንቦት ስንመለስ ከሐይቁ እጅግ ርቆ እናገኘዋለን።

መስከረም ለዓይን ያማረ ነው፤ ሐይቁም ሙሉ ነው፣ የናዳ ተራሮችም አረንጓዴ ናቸው። ይሁን እንጂ በሰርቦና በአሰንዳቦ በኩል የሚያልፈውን አስፋልት ለቀን ወደ መንደሩ ስንገነጠል ጭቃው ገና አልጠነከረም፤ ውኃውም ከየማሳው ተጠርጎ በገባው አፈር ደፍርሶ ይቆያል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ወባ ነው። በዚህ ግድብ ዙሪያ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ መንደሮች የሚኖሩ ልጆች ርቀው ከሚኖሩት ይበልጥ በወባ እንደሚጠቁ አሳይቷል፤ በሽታው የሚበረታውም ዝናቡ ካበቃ በኋላ ባሉት ከመስከረም እስከ ኅዳር በሚዘልቁት ወራት ነው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን ጊዜ ይምረጡ። መንገዱ ደርቋል፣ ውኃው ገና ብዙ አልሸሸም፣ የወባውም ጊዜ እየረገበ ነው፤ ሌሊቱና ማለዳው ግን ስለሚቀዘቅዝ ለልጆቹ ወፍራም ልብስ አይርሱ። በዚህ ጊዜ በደጋው በኩል ባሉት መንደሮች የቡና ለቀማው እየተጠናቀቀ፣ የተለቀመውም ቡና በየማድረቂያ አልጋው ላይ እየተሰጣ ስለሚሆን፣ በመንገድ ላይ ቆም ብሎ ማየት ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው።

ወፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከየካቲት እስከ መጋቢት አጋማሽ ይሻላል እላለሁ። ሐይቁ ሲሸሽ የተገለጠው ጭቃ በትልና በነፍሳት የተሞላ በመሆኑ፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ዳርቻው ላይ ሲመገቡ ይውላሉ። መንደርተኛውም የጣና ዳር ገበሬ ባሕር ሸሽ የሚለውን ዓይነት መሬት ያርስበታል፣ ከብቱንም ያሰማራበታል። በግንቦት ሐይቁ ጎድሎ ዳርቻው ባዶ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጎብኚ አዝኖ ይመለሳል፤ ለእኔ ግን የአካባቢው ሰው ኑሮውን ከውኃው መውጣትና መግባት ጋር እንዴት እንዳስማማ በግልጽ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ቤተሰብ ይዞ መሞከር አያስፈልግም።

በየትኛውም ወር ቢሄዱ ጉማሬ በዚህ ውኃ ውስጥ እንዳለ አይዘንጉ። ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው በሌሊት ስለሆነ ከመሸ በኋላና ገና ሳይነጋ ወደ ዳርቻው መውረድ አይገባም፤ በጀልባ ለመንሸራሸር ከፈለጉም ያካባቢውን ዓሣ አስጋሪ አስቀድመው አማክረው፣ እርሱ አይሆንም ካለ ይተዉት። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ ጉዞው በረመዳን ላይ እንዳይውል ቀኑን ያረጋግጡ፤ ጾም ውለው እንግዳ ለማስተናገድ መጨነቃቸው አይቀርምና። ግድቡ ሲሠራ እርሻቸውና ቤታቸው በውኃ ተውጦ ወደ ሌላ ስፍራ የተዛወሩ ቤተሰቦች ስላሉም፣ ከሽማግሌዎች ጋር ሲቀመጡ የሐይቁን ውበት ከማድነቅዎ በፊት ከውኃው በፊት የነበረውን አገር ቢጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ያወጉዎታል።

አጎበር ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ። ከተመለሱ በኋላ በቀጣዮቹ ሳምንታት ከቤተሰቡ አንዱን ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለው፣ ጉንፋን ነው ብለው ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩ፤ ሐይቁ ዳር ማደራችሁንም ለሐኪሙ ይንገሩ።