ልም ወይስ ክርትፍ? ስለ እጅ ቡና መፍጫ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ስለ ትንንሽ የእጅ ቡና መፍጫዎች የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በርከት ብለዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የፎቅ ኑሮ ለሙቀጫ አልተመቸም፣ መብራትም ሲፈልግ ይሄዳል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ አንዷን መፍጫ ጣል አድርጎ መምጣት ለምዷል። ከመሐል ከተማ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የብዙዎችን ጉዳይ የሚነኩትን መርጬ መልሻለሁ።

«ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ዘነዘናው ባረፈ ቁጥር ከታች ያሉት ጎረቤቶቼ ስለሚያማርሩ የእጅ መፍጫ ገዛሁ። እናቴ ግን ቀምሰው "አቦሉ እሬት፣ በረካው ውኃ" አሉኝ። መፍጫው ነው ጥፋተኛው?» (ከልደታ)

እናትዎ ልክ ናቸው፤ መፍጫውም አላጠፋም። ዘነዘና ቡናን እኩል አያደቅም። ከሙቀጫው የሚያወጡት ልሙና ክርትፉ የተደባለቀ ነው፤ ጀበና ደግሞ ይህን ድብልቅ ይወደዋል። ልሙ ያለውን ወዲያው ለአቦሉ ይሰጣል፤ ክርትፉ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ለቶናውና ለበረካው የሚተርፍ ነገር ይኖራል። ሦስት ጊዜ ውኃ እየተጨመረበት የሚጠጣ ቡና የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጥሩ የእጅ መፍጫ በበኩሉ የተሠራው ፍሬውን ሁሉ በአንድ መጠን እንዲፈጭ ነው። እርስዎ ደግሞ ቡናው ምን ያህል እንደሚልም የሚወስነውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው አጥብቀው የፈጩ ይመስለኛል። እንዲያ ሲሆን ቡናው ያለ የሌለውን ለአቦሉ አራግፎ ይጨርሳል።

ሌላም ጣጣ አለው። ከመጠን በላይ የላመ ቡና ጀበና ውስጥ ቶሎ አይሰክንም። ማቶቱ ላይ ቢያቆዩት፣ አንገቱ ላይ ውታፍ ቢያደርጉም አተላው ከቡናው ጋር ሲኒ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማስተካከያውን ላላ ያድርጉት። በጣትዎ ሲያሹት እንደ ገበታ ጨው የሚሻክር ከሆነ ለጀበና ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያም በኋላ በረካው ከቀጠነብዎት የሚፈጩትን ቡና ይክፈሉት፤ ሁለት እጁን በዚሁ ልክ ይፍጩ፣ ሲሶውን ደግሞ ማስተካከያውን ጥቂት ጠቅታ (ሲዞር ጠቅ የሚልበት እያንዳንዱ እርምጃ) አላልተው ክርትፍ ያድርጉትና አንድ ላይ ይጨምሩት። የመፍጫ አምራቾች ይህን ቢሰሙ ይደነግጣሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የደከሙት እኩል አድርጎ ለመፍጨት ነውና። እነርሱ ግን በረካ አያፈሉም።

«መርካቶም ፒያሳም ዞሬ አየሁ፤ ሁሉም ያብረቀርቃሉ፣ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ምኑን አይቼ ልግዛ?» (ከፒያሳ)

የሚያብረቀርቀውን ይተዉት። መፍጫ ማለት ጥርሱና ጥርሱን የያዘው ዘንግ ነው፤ የቀረው ቆርቆሮ ነው። በቅድሚያ ግን በመብራት የሚሠሩትን፣ ውስጣቸው የሚሽከረከር ምላጭ ያላቸውን ትንንሽ ዕቃዎች ከዚህ ዝርዝር ያውጡ። እነርሱ ቡናውን ይቆራርጡታል እንጂ አይፈጩትም፤ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ስባሪ ሆኖ ይወጣል፣ ልኩንም መወሰን አይችሉም።

የእጅ መፍጫውን ሲያነሡ እጀታውን ነቅለው ከላይ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ዘንጉ ከላይና ከታች በኩሽኔታ የተያዘ ከሆነ ደግ ነው። ርካሾቹ ላይ ዘንጉ በፕላስቲክ ቀዳዳ ውስጥ ብቻ ያልፋል፤ ቀዳዳው እየሰፋ ሲሄድ ዘንጉም መወላገድ ይጀምራል። ዘንጉን በሁለት ጣትዎ ይዘው ወደ ጎን ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከተወላገደ ይተዉት። ቀጥሎ የዱቄት መያዣውን ፈትተው መፍጫውን ይገልብጡ፣ ወደ ብርሃን አዙረው ዘንጉን ቀስ ብለው ያሽከርክሩት። በውስጠኛውና በውጨኛው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በአንድ ጎን ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ፣ በአንዱ ጎን ዱቄት፣ በሌላው ክክ የሚያወጣ መፍጫ ይዘዋል ማለት ነው። ሻጩ የፈለገውን ቢምል ይህ ጉድለት አይቃናም።

የዋናው ፈተና መሣሪያ ኪስዎ ውስጥ ነው፤ አንድ እፍኝ የተቆላ ቡና በወረቀት ጠቅልለው ይሂዱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈጭተው ዱቄቱን ነጭ ወረቀት ላይ ይዝሩትና እኩል መፈጨቱን ይዩ። እጅዎም ይመሰክራል፤ መፍጫው ከመዳፍዎ የሚወፍር ከሆነ እጀታውን በአንድ እጅ ሲያዞሩ አካሉ በሌላው እጅዎ ውስጥ ይዞርብዎታል፣ በማግሥቱም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሻጩ «ካርቶኑ አይከፈትም» ካለዎት መልካም ቀን ተመኝተውለት ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የሚነግሩት ስም ከፈለጉ፣ የቻይናው ታይምሞር ሲ2 ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ጥርስ አለው፤ ለአብዛኛው ቤት ከበቂ በላይ ነው። የጀርመኑ ኮማንዳንቴ ይበልጠዋል፤ ዋጋውም እንዲሁ። የጃፓኖቹ ሃሪዮና ፖርሌክስ ትንንሽ መፍጫዎች ደግሞ በሴራሚክ ጥርስ ይታወቃሉ፤ ይህም ወደሚቀጥለው ደብዳቤ ይወስደናል።

«የሴራሚክ ጥርስ ይሻላል ወይስ የብረት?» (ከአራት ኪሎ)

የብረት። ሴራሚክ አይዝግም፣ በውኃም ይታጠባል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ጥሩ ብረት በአንድ ደቂቃ የሚጨርሰውን እርሱ ክንድ ያዝልበታል። ከወደቀ ወይም ጠጠር ካገኘውም ይሸረፋል። ስለ ጠጠር ደግሞ ሌላ ሰው ጽፈውልኛል።

«እየፈጨሁ ሳለ ድንገት ቀጭ ብሎ ቆመ። ባለቤቴ በጉልበት ሊያዞረው ሲል ከለከልኩት። ልክ ነኝ?» (ከሰባ ደረጃ)

እጅግ ልክ ነዎት፤ ለባለቤትዎም ይህን ያንብቡላቸው። መፍጫ ቀጭ ብሎ ከቆመ አንድ ጠንካራ ነገር በጥርሶቹ መካከል ተቀርቅሯል፤ በጉልበት ሲያዞሩት የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ ጥርሱ ነው። እጀታውን ሩብ ዙር ያህል ወደ ኋላ ይመልሱት፣ ማስተካከያውን ያላሉ፣ ከዚያ መፍጫውን ዘቅዝቀው ከላይ ያለውን ፍሬ ሰፌድ ላይ ያራግፉ። ጥፋተኛውን ከፍሬዎቹ መካከል ያገኙታል፤ የቡና ፍሬ የምታክል፣ ከተቆላች በኋላ ቀለሟም እንደ ቡና የጠቆረች ጠጠር።

ከመሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ቡና ጠጠር ይዞ ቢመጣ አይግረምዎ። ሙቀጫ ይህን ዕዳ ችሎ ኖሯል፤ ጠጠሩ ቢገባም ተወቅጦ ወይም ተለቅሞ ያልፋል። የመፍጫ ጥርስ ግን አይችለውም። ስለዚህ ለቀማውን ከመቁላትዎ በፊት ይጨርሱ፤ ከተቆላ በኋላ በዓይን መለየት ያስቸግራል። በሰፌድ ሲያንገዋልሉት ከባዱ ጠጠር ከሥር ይቀራል፣ እናቶቻችን የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ሲቆሉም ጥሬ የቀረ ፍሬ እንዳይኖር እኩል ያማስሉ፤ በቅጡ ያልተቆላ ቡና ለእጅም ለጥርስም ክፉኛ ይጠነክራል። ፈጽሞ ያልተቆላውንማ ለመሞከር ያህል እንኳን አይጨምሩት።

«ስድስት ሰባት ሰው የሚጠጣበት ቡና አፈላለሁ። ትንሿ መፍጫ ትበቃኛለች?» (ከካዛንቺስ)

አትበቃም። እነዚህ ትንንሾቹ በአንድ ሙሌት ከ20 እስከ 30 ግራም ነው የሚይዙት፤ ልካቸው የአንድ ወይም የሁለት ሰው ቡና ነው። ለጀበናዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልተው መፍጨት ሊኖርብዎት ነው፤ የተቆላው ቡና ለእንግዶች ሲዞር የተነሣው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ክንድ ሲዞር ማየት ደግሞ ለማንም ደስ አይልም። የእሑዱን ቡና ለሙቀጫው ይተዉለት፤ የሰኞ ማለዳውን ለመፍጫዋ ይስጧት። አንዱ ዕቃ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ማስገደድ ምንም ጥቅም የለውም።

«ቢሮዬ ውስጥ በወረቀት ማጣሪያ ቡና አጠላለሁ። መመሪያው ውኃው ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ይሁን ይላል። ቴርሞሜትር መግዛት አለብኝ?» (ከስታዲየም አካባቢ)

ገንዘብዎን ይያዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። «ካፈላችሁ በኋላ ጥቂት አቀዝቅዙ» የሚለው ምክር ለባሕር ዳርቻ ሰዎች የተጻፈ ነው። እርስዎ ማንቆርቆሪያው ሲንተከተክ ወዲያው ያፍስሱ። ውኃው ከዚያ በላይ ሊሞቅ ስለማይችል፣ ቡናው ጣዕሙን በደንብ እንዲለቅ መመሪያው ከሚለው አንድ ሁለት ጠቅታ አጥብቀው ይፍጩ። ለ250 ሚሊ ሊትር ውኃ 15 ግራም ቡና መልካም መነሻ ነው። ከዚያ ምላስዎን ይስሙ፤ ኮምጠጥ ብሎ ከቀጠነ ማስተካከያውን ያጥብቁ፣ ከመረረና ምላስ ካደረቀ ያላሉ። ቡናውንና ውኃውን ሳይነኩ ማስተካከያውን ብቻ ይቀይሩ፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው ምኑ እንዳሻሻለው አያውቅም።

ጠቅታ ሲቆጥሩ ከየት እንደሚጀምሩም ይወቁ። መፍጫው ባዶ ሳለ ጥርሶቹ እስኪነካኩ ድረስ ቀስ ብለው ያጥብቁ፤ ያ ዜሮ ነው። ከዚያ እያላሉ ይቁጠሩ። ባልንጀራዎ «እኔ በ20 ነው የምፈጨው» ቢልዎ፣ መፍጫዎ የተለየ ከሆነ ቁጥሩ ምንም አይነግርዎትም።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ምድጃ ላይ በምትጣደው የጣልያን ሞካ ለሚያፈሉ ሁለት ጠያቂዎች፣ ቡናው ለወረቀት ማጣሪያ ከሚፈጨው ትንሽ የላመ ይሁን፣ ለማኪያቶ ማሽን ከሚፈጨው ግን ሻከር ይበል። ዱቄቱንም በማንኪያ አትጠቅጥቁት።

«ከቡና ቤት ስገዛ እዚያው አስፈጭቼ ብወስድ አይቀልም?» (ከቸርችል ጎዳና)

ይቀላል፤ ግን መፍጫውን ለምን ገዙት? የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይበናል፤ ፍሬው ግን ጠብቆ ያቆየዋል። ፒያሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚቆላው ቶሞካም ሆነ ሌሎቹ ፍሬውን እንዲሁ ይሸጡልዎታል። ፍሬውን ይውሰዱ።

«የምኖረው ዶርም ውስጥ ነው። ስፈጭ ዱቄቱ መፍጫው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ስከፍተው ጠረጴዛው ላይ ይበተናል። ባጥበው ይተወኛል?» (ከአምስት ኪሎ)

ልጄ፣ እንዳታጥበው፤ የብረት ጥርስ ውኃ ሲነካው ሊዝግ ይችላል። ያስቸገረህ ቆሻሻ ሳይሆን ፍሬው ሲፋተግ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ ነው፤ በበጋው ደረቅ አየር ይብሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመፍጨትህ በፊት የማንኪያ እጀታ ውኃ ውስጥ ነክረህ በዚያች ጠብታ ፍሬውን አማስለው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ይህች ጥቂት እርጥበት ኤሌክትሪኩን በእጅጉ እንደምትቀንስ አሳይቷል፤ ቡና ቤቶች ግን ቀድመው ያውቁት ነበር። ጠብታ አልኩ እንጂ ማጠብ አላልኩም። ለማጽዳት ደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። አንዳንዶች ጥሬ ሩዝ ይፈጩበታል፤ ሩዝ ከተቆላ ቡና ይጠነክራልና አንተ አትሞክረው።

«ከአያቴ የወረስኩት፣ መሳቢያ ያለው የእንጨት ሣጥን መፍጫ አለ። ፔጆ የሚል ተጽፎበታል። የመኪናው ፔጆ ነው? ይሠራል?» (ከእሪ በከንቱ)

ራሱ ነው። ፔጆ ቡና መፍጫ መሥራት የጀመረው በ1840 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ መኪናው ገና ሳይታሰብ። ጥርሱ ብረት ስለሆነ ካልዛገ ይፈጫል። በብሩሽ ያጽዱት፤ እንጨቱን ውኃ አያስነኩት፤ ማስተካከያ ብሎኑን ቀስ አድርገው ይሞክሩት፣ ካልዞረ አያስገድዱት። ለጀበና የሚሆን ክርትፍ ያወጣልዎታል። ሰው «ልግዛዎት» ቢል አይሽጡት።

«ኮረሪማና ቅርንፉድ አብሬ ብፈጭበት ምን ይላሉ?» (ከለገሐር)

ኮረሪማው ዘይት አለው፤ ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ለሳምንታት የሚጠጡት ቡና ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ቅርንፉዱ ይብሳል። ቅመሙን በትንሽ ሙቀጫ ለብቻው ወቅጠው ከተፈጨው ቡና ጋር ጀበናው ውስጥ ይጨምሩት። በርበሬ ልፍጭበት ወይ ብለው የጠየቁኝ ሌላ ሰውም አሉ፤ ለእርሳቸው የምለው፣ መፍጫውን ለበርበሬ ከሰጡት ለበርበሬ ይተዉት፤ ለቡናው ሌላ ይግዙ።