መልስ፦ ለ17 ገዢ አንድ እርቅ ይበቃል ወይ?

ይበቃል። ጅማ መርካቶ 50 ኪሎ ተብሎ የተሸጠላችሁ ዱቄት ለ17ታችሁም ከጎደለ፣ ሁለት ተወካይ መርጣችሁ ከነጋዴው ጋር በሽማግሌ መጨረስ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውክልናው ላይ ነው። «ጉዳዬን ይከታተሉልኝ» የሚል ብቻ ከሆነ ለእርቅ አያገለግልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ለመታረቅ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «እንዲታረቁልኝ» የሚለው ቃል በግልጽ ይግባበት።

ያልተከፈቱትን ጆንያዎች ነጋዴው ባለበት አስመዝኑ፤ የእያንዳንዱን ጉድለት በኪሎ፣ ከየደረሰኙ ጋር መዝግቡ። «በቃል ይበቃል» ቢሏችሁ (ማለታቸው አይቀርም) እሺ አትበሉ፤ የሚመለሰው ብርና የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ።

«ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» ከሚል ሐረግ ተጠንቀቁ። በቁጥር 3312 መሠረት እርቅ በታራቂዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። ተወካዮቹን ያልወከለን ገዢ ግን አያስርም።