ከአንድ ደረጃ ወደ ቀጣዩ፦ የኤፒአይ ምላሽን ስለማሳለፍ ጥያቄና መልስ

አንዱ ደረጃ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት መገናኛ) ይጠራል፤ ቀጣዩ ደግሞ ከመጣው ምላሽ የሆነ ነገር ይፈልጋል። ብዙ ዎርክፍሎው (ደረጃ በደረጃ በራሱ የሚሄድ ሥራ) የሚሰናከለው እዚህች መገናኛ ላይ ነው። የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ የመጣውን ጄሰን (በስምና በእሴት የተጻፈ የምላሽ መረጃ) እንዳለ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ብልከው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን አልመክርም። የሚያስፈልግዎ የትዕዛዝ መለያ ቁጥር ብቻ ከሆነ እሱን ብቻ ያውጡ፣ ግልጽ ስም ይስጡትና ያሳልፉት። ያለዚያ አገልግሎቱ የአንድ ፊልድ (በምላሹ ውስጥ ያለ የመረጃ ክፍል) ስም በቀየረ ቁጥር ሁሉንም ደረጃ ሊነካኩ ነው። ስልክና ኢሜይል የመሰለ የሰው መረጃም ሳይታሰብ ሎግ (የሥራው መዝገብ) ውስጥ ይቀራል። የመጠን ገደብም አለ። ጊትሃብ አክሽንስ (የጊትሃብ የዎርክፍሎው ማስኬጃ) ላይ የአንድ ጆብ (የደረጃዎች ስብስብ) አውትፑት (ለሌላ የሚያሳልፈው እሴት) ከ1 ሜጋባይት ማለፍ አይችልም።

ጥያቄ፦ ጊትሃብ አክሽንስ ላይ በመጀመሪያው ደረጃ ኤክስፖርት ያደረግኩት ቫሪያብል (እሴት የያዘ ስም) ሁለተኛው ላይ ባዶ ነው። ለምን?

መልስ፦ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ሼል (ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ይከፍታል። ደረጃው ሲያልቅ ሼሉ ይዘጋል፤ ቫሪያብሉም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ «ጊትሃብ አውትፑት» የሚባለው ቫሪያብል ወደሚያመለክተው ፋይል ይጻፉ፦ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ እሴቱ። ደረጃው አይዲ (መለያ ስም) ይኑረው፤ ቀጣዩ የሚያገኘው በዚያ ነው። ወደ ሌላ ጆብ የሚሻገር ከሆነ ላኪው ጆብ አውትፑቱን ማሳወቅ አለበት፤ ተቀባዩም ላኪውን «ኒድስ» ውስጥ መጥቀስ አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህቺን ነው። «ሴት አውትፑት» የሚል የድሮ ምሳሌ ካገኙ ይለፉት፤ በ2022 እንዲተው ተወስኗል።

ጥያቄ፦ በጄኪው (ከጄሰን ውስጥ እሴት በሚያወጣው መሣሪያ) ያወጣሁት እሴት ከነጥቅስ ምልክቱ ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ቀጣዩ ጥሪ 404 («አልተገኘም» የሚል ኮድ) ይመልስልኛል።

መልስ፦ ጥቅሱን «ሰረዝ አር» የሚለው አማራጭ ያነሳዋል። 404ቱ ግን ምናልባት ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ፊልዱ ምላሹ ውስጥ ከሌለ ጄኪው «ነል» (እሴት የለም) የሚል ቃል ያወጣል። ቀጣዩ ደረጃ ያንን ቃል እንደ መለያ ወስዶ አድራሻው ውስጥ ይከተዋል። «ሰረዝ ኢ» ይጨምሩ፤ እሴቱ ነል ሲሆን ትዕዛዙ ራሱ ስህተት ሆኖ ይወጣል። እዚያው መቆሙ ሦስት ደረጃ አልፎ ከመፈለግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ደረጃው አረንጓዴ ነው፤ እሴቱ ግን የለም።

መልስ፦ አረንጓዴ ማለት ትዕዛዙ ያለ ስህተት ተጠናቀቀ ማለት ብቻ ነው። ከርል (ኤፒአዩን የሚጠራው ትዕዛዝ) 404 ወይም 500 (የሰርቨር ስህተት) ቢመጣለት እንኳ በራሱ አይወድቅም፤ «ፌይል» የሚለውን አማራጭ ይስጡት። እሱም ሁሉንም አይዝም። ግራፍኪውኤል (አንድ የኤፒአይ ዓይነት) ላይ 200 («ተሳክቷል» የሚል ኮድ) መጥቶ ስህተቱ ምላሹ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። 202 ከሆነ ደግሞ ሥራው ተቀባይነት አገኘ እንጂ አላለቀም፤ ሁኔታውን እየጠየቁ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኮዱንም እሴቱንም ሳያዩ አያሳልፉ።

ጥያቄ፦ ረጅም መለያ ቁጥር መጨረሻው ላይ ይቀየርብኛል።

መልስ፦ ጃቫስክሪፕት ከ9007199254740991 በላይ ያለን ሙሉ ቁጥር ሁልጊዜ በትክክል አይይዝም። መለያ አይደመርም፣ አይባዛም፤ ስለዚህ አገልግሎቱ በጽሑፍ መልክ የሚሰጥ ከሆነ ያንን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ቶክንንስ (ኤፒአዩን ለመጠቀም የሚያስችል ምስጢራዊ ቁልፍ) በዚሁ መንገድ ላሳልፈው?

መልስ፦ በጆቦች መካከል አይሻልም። ጊትሃብ ምስጢር ያለበት የመሰለውን የጆብ አውትፑት አያሻግረውም። የሚፈልገው ጆብ ራሱ አዲስ ቶክን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ደረጃ ሲወድቅ ሁሉንም እንደገና አስነሳለሁ። ትዕዛዙ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ደረጃ በፖስት (መረጃ በሚልክ የጥሪ ዓይነት) አዲስ ነገር ስለሚፈጥር ነው። አገልግሎቱ የአይደምፖተንሲ ቁልፍ (ድጋሚ ጥሪን የሚያስለይ መለያ) የሚቀበል ከሆነ ለአንድ ትዕዛዝ ሁልጊዜ ያንኑ ቁልፍ ይላኩ፤ ድጋሚው አዲስ ሳይፈጥር የፊተኛውን ውጤት ይመልሳል። ቁልፉን ከትዕዛዙ መረጃ ይሥሩት። በየሙከራው አዲስ ከተፈጠረ ምንም አይጠቅምም። አገልግሎቱ ካልተቀበለ ደግሞ ከመፍጠርዎ በፊት በራስዎ መለያ ፈልገው መኖሩን ያረጋግጡ።