በሃያኛው ቀን ተመልሶ የመጣ ትኩሳት

ጥያቄ፦ አባታችን የ61 ዓመት ሰውና የስኳር ታማሚ ናቸው። ጉበታቸው ላይ የነበረውን 2.5 ሳንቲ ሜትር ዕጢ ሕንድ አገር በመርፌ አቃጥለውላቸው ተመለሱ። በመጀመሪያው ሳምንት አተኩሷቸው ተሻላቸው። አሁን በ20ኛው ቀን ትኩሳቱ ብርድ ብርድ እያለ ተመለሰ። ክሊኒክ ወባ አልተገኘም፣ ደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ትኩሳት) ሊሆን ይችላል ብለው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ወጓቸው። የድሬ ሙቀት ነው የሚሉም አሉ። እንጠብቅ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው። የአየሩ ሙቀት ያልባል እንጂ ጥርስ አያንቀጫቅጭም።

መርፌው ዕጢውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጉበትም አብስሎ ይገድላል። የሞተው ሥጋ አይወጣም፤ እዚያው ቀርቶ ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳት ከዚህ የመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ38.5 ዲግሪ አይበልጥም፣ በአሥር ቀን ውስጥም ይጠፋል። ደህና ከሰነበቱ በኋላ የሚመለሰው ግን ሌላ ነው። ባክቴሪያ የሞተው ሥጋ ውስጥ ገብቶ መግል ሲቋጥር እንዲህ ያደርጋል። ከመቶ ታካሚ ከሁለት ባነሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ የስኳር ሕመም ግን ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። የሐሞት ቱቦው ውስጥ ስቴንት (ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ማስገቢያ) የገባለት ወይም ቱቦው በቀዶ ሕክምና ከአንጀት ጋር የተቀጠለ ሰው የባሰ ይሰጋል፤ የአንጀት ባክቴሪያን የሚያግደው በር ስለተከፈተ።

ድሬ ላይ ደንጊ መጠርጠሩ አያስወቅስም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉኒያ የተባለው ሌላው የትንኝ ትኩሳት ከተማዋን አዳርሰዋል። ነገር ግን ደንጊ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፣ መግል ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያደርገዋል። አንድ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ብዙ ይናገራል። ዳይክሎፌናክ አይደገም፦ የታመመ ጉበት ላለው ሰው ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ያስፈስሳል፣ ደንጊ ቢሆን እንኳ አይሰጥም። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ጉበታቸው ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠርና መኮማተር) ካለበት በ24 ሰዓት ከ4 ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አይለፍ።

ድል ጮራም ሆነ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ጉበታቸው በመርፌ ተቃጥሏል፣ ዛሬ 20 ቀኑ ነው» የሚል ይሁን። የሕንዱን ወረቀትና ሲዲ ያዙ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለሚለይ ምርመራ) የሚሆን ደም ይወሰድ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አልትራሳውንድ የሞተውን ሥጋ ከመግል ለመለየት ስለሚቸገር በደም ሥር የማጉያ መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ያስፈልግ ይሆናል፤ አዲሱ ፎቶ ከድሮው ጋር ካልተያየም ሐኪሙን ያሳስታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እዚያ ቦታ የሚታይ የአየር አረፋ የተለመደ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ከትኩሳት ጋር ሲታይ ግን መግል ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። መግሉ ከተረጋገጠ በቆዳ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይፈስሳል፤ አንቲባዮቲኩ ለሳምንታት ይቀጥላል።

ሌሎቹ አደጋዎች ከዚህም ባነሰ ሰው ላይ ነው የሚደርሱት። ዕጢው ከአንጀት አጠገብ ከነበረ ሙቀቱ አንጀቱን ሊበሳው ይችላል፤ በቀናት ውስጥ ሆድ ይደድራል፣ ያስመልሳል። ጫት የሚቅም ሰው ሆዱ ሲደርቅ «ጫቱ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል፤ ይህ ያዘገየዋል። ዓይን ቢጫ ከሆነና ሰገራ ከጠቆረ ደም ወደ ሐሞት ቱቦ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የቀኝ ትከሻ ሕመም ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) መቆጣት ስለሚመጣ ባብዛኛው በቀናት ይተዋል፤ ከወራት በኋላ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ድያፍራሙ ተቀዶ አንጀት ወደ ደረት አልፎ እንደሆነ መታየት አለበት። መርፌው በገባበት ቆዳ ላይ ከወራት በኋላ እብጠት ካያችሁ አትሹት፤ ዕጢው በመርፌው መንገድ ተከትሎ በቅሎ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዩ።