«የቅዳሜ የሥዕል ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ልጄ በቤቱ መሣል ተወ»

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፦

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጥቂት ወራት ሳብሰለስለው የቆየሁትን ጉዳይ ላማክርዎ ወደድኩ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የ9 ዓመት ወንድ ልጅና አንዲት ታናሽ እህቱ አሉኝ። ልጄ እርሳስ መያዝ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ መሣል የሚወድ፣ ደብተሩን ከፊት ለትምህርት፣ ከኋላ ለሥዕል የሚጠቀም ልጅ ነበር። ዝንባሌው እንዲዳብርለት በማሰብ፣ በሰፈራችን በሚገኝ የማኅበረሰብ የሥነ ጥበብ ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት በሚሰጠው የሕፃናት የሥዕል ትምህርት ባለፈው ሚያዝያ አስመዘገብኩት።

መጀመሪያ ላይ ይዟቸው የሚመጣውን ሥዕሎች እያየሁ እደሰት ነበር፤ ንጹሕ፣ መስመራቸው ያልተንሻፈፈ፣ ቀለማቸው ከጠርዝ ያልወጣ ነበሩ። በነሐሴ መጨረሻ ማዕከሉ ለወላጆች ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ስገኝ ግን ነገሩ ግር አለኝ። በግድግዳው ላይ ከተለጠፉት ወረቀቶች አብዛኞቹ ቀይ ጣሪያ ያለው አንድ ቤት፣ ወደ ቤቱ የሚወስድ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከቤቱ ኋላ ሁለት ተራሮችና በተራሮቹ መካከል ብቅ ያለች ግማሽ ፀሐይ የሚያሳዩ ሲሆኑ፣ የአንዱን ልጅ ሥራ ከሌላው የሚለየው በወረቀቱ ጥግ የተጻፈው ስም ብቻ ነበር። ልጄን ስጠይቀው፣ መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሲሥሉ እነርሱም መስመር በመስመር እንደሚከተሏቸው፣ ለትናንሾቹ ደግሞ ቅርጹ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ እንደሚታደላቸው ነገረኝ።

አምና ለእንቁጣጣሽ ዓይንና ጥርስ ያላት ፀሐይ፣ ከሰው የሚበልጥ አደይ አበባና ክንፉ የተንጨባረረ መልአክ ራሱ እየሣለ ለጎረቤት ሲያድል ነበር። ዘንድሮ ግን የማዕከሉን ቤትና ተራራ ፎቶ ኮፒ እንዲያስነሣለት አባቱን ለምኖ፣ እሱኑ ከለር እየቀባ አደለ። ቤት ውስጥ ወረቀት ስሰጠው አንድ መስመር ያሰምርና በላጲስ ያጠፋዋል፤ እንደገና ያሰምራል፣ እንደገና ያጠፋል፤ ወረቀቱ ሲቀደድበት «አልችልም» ብሎ ይነሣል። ባለቤቴ «ቅዳሜን ከሚያባክን የሒሳብ ማጠናከሪያ ይማርበት» ይላል። እኔ ደግሞ ባስወጣው የሚወደውን ነገር ጨርሶ እንዳይተው፣ ባቆየው ደግሞ የነበረው ሁሉ እንዳይጠፋበት ሠጋሁ። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት እናት

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፦

ልጁን አሁን አያስወጡት፤ ትምህርቱ በያዘው መንገድ ሲቀጥል ግን ዝም ብለው አይመልከቱ።

ላጲሱን በተመለከተ ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። የሕፃናትን ሥዕል አጥንተው ውጤቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ያሳተሙት የኦስትሪያ ተወላጅ ቪክተር ሎወንፌልድ እንዳስረዱት፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት ገደማ ያለ ልጅ የሚሥለው ከሚያየው ይልቅ የሚያውቀውን ነው። መሬቱን በወረቀቱ ግርጌ፣ ሰማዩን በአናቱ ላይ ያሰምራል፤ ቤት ሲሥል ግድግዳው ሳያግደው በውስጡ ያለውን አልጋና ጠረጴዛ ሁሉ ያሳያል፤ የሚወደውን ሰው ከበሩ አስበልጦ ያቆማል። ወደ 9 ዓመቱ ሲጠጋ ግን የሠራውን ከእውነተኛው ነገር ጋር ማስተያየት ይጀምራልና ጉድለቱ ይታየዋል። ልጅዎ የደረሰው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ማዕከሉ ባይኖርም ላጲሱ መምጣቱ አይቀርም ነበር። የማዕከሉ ጥፋት፣ የልጁ ዓይን መምረጥ በጀመረበት በዚህ ወቅት የሚያየውን ነገር በወረቀት ላይ የሚያሰፍርበትን ዘዴ በማሳየት ፈንታ ያለቀለት ቤትና ተራራ አስታቅፎ መስደዱ ነው። ልጁ ያን ቤት ስንት ጊዜ ቢሥለው የገዛ ቤቱን በር ለመሣል የሚረዳው ነገር አያገኝበትም፤ እንዲያውም በማዕከሉ የሠራው ሁልጊዜ «ትክክል» ሆኖ ስለሚወጣ፣ በቤት የሚሞክረው ሁሉ ስሕተት ይመስለዋል።

ይህን ስል መቅዳትን በጅምላ ማውገዜ አይደለም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተማሪ የመምህሩን ሥራ እየቀዳ ነው የሚያድገው፤ ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸው እየታየ፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን ሆነው በአንድ ዓይን እንዲሣሉ የሚያዘውን ሥርዓት የሚለምደው በዚሁ መንገድ ነው። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የወጡ ነበሩ። የዚያ ተማሪ ቅጂ ግን እያንዳንዱ መስመር ምክንያት ያለው፣ መምህሩም አጠገቡ ተቀምጦ የሚያርመው ነው፤ የፎቶ ኮፒው ቤት የማን እንደሆነ ግን መምህሩም የሚያውቁ አይመስለኝም። (በነገራችን ላይ፣ ልጆች የሚወዱትን ሰው አግዝፈው ሲሥሉ የሚስቁ ወላጆች፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ከእመቤታችን እግር ሥር ምን ያህል አንሶ እንደተሣለ ልብ ቢሉ መልካም ነው።)

መምህሩ እንዲህ የሚያስተምሩበት ምክንያት፣ እኔ እንደምገምተው፣ በዚያው ዐውደ ርእይ ላይ ይገኛል። ገንዘብ የከፈለ ወላጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሣው ቤት መስሎ የወጣውን ቤት ነው፤ በከሰል የተዝረከረከ ወረቀት ፊት ቆሞ ልጁ የቱን መስመር እንዳስተካከለ የሚመረምር ወላጅ እምብዛም አይገኝም። እርስዎም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በንጽሕናው ተደስተው እንደነበር ጽፈውልኛልና፣ መምህሩ ይህን ደስታ ሳያዩት አልቀሩም። በዚያ ላይ አንድ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን ይዞ ሁሉም የሚታይ ነገር ይዘው እንዲሄዱ ሲጠበቅበት፣ ሰሌዳው ዓይነተኛ መጠጊያ ይሆናል።

ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት አንድ ቅዳሜ አስፈቅደው ከኋላ ተቀምጠው ይመልከቱ። የክፍሉ መጥበብ ወይም የቀለሙ ማነስ አያሳስብዎ፤ ይልቁንም አንድ ልጅ «አልቻልኩም» ባለ ጊዜ መምህሩ የሚያደርጉትን ያስተውሉ። እርሳሱን ተቀብለው በልጁ ወረቀት ላይ ራሳቸው የሚሠሩለት ከሆነ ችግሩ ከሰሌዳው አልፏል ማለት ነው። ጎንበስ ብለው «እስቲ እንደገና እየው፤ ይህ ከየት ነው የሚጀምረው?» የሚሉ ከሆነ ግን ልጅዎ ያለው ደህና መምህር እጅ ላይ ነውና ቀሪው በንግግር ይስተካከላል።

ንግግሩም ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ አቤቱታ በማይመስል አኳኋን ቢሆን ይመረጣል። ከሁለቱ ሰዓት አንዱ እንኳ እውነተኛ ዕቃ እየታየ ለሚሣልበት ሥራ እንዲውል ይጠይቋቸው፤ ዕቃውን እርስዎ ይዘው ቢሄዱ ደግሞ የበለጠ ነው። እኔ ብሆን ጀበና እመርጣለሁ። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ሆኖ እጀታው ከአንገቱ ተነሥቶ ሆዱ ላይ ሲያርፍ በመካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ልጁ እጀታውን ለመሣል ከመጣደፉ በፊት የዚያን ባዶ ቦታ ቅርጽ እንዲሥል ቢደረግ፣ እጀታው ራሱ በትክክለኛ ቦታው ላይ ወጥቶ ሲያየው ይደነቃል። ልጆቹ ጀበናውን ከበው ሲቀመጡ ደግሞ ለአንዱ ጡቱ ወደ እርሱ ዞሮ፣ ለሌላው እጀታው ከአንገቱ ኋላ ተሸሽጎ ስለሚታየው፣ ከሰሌዳው ወይም ከጎረቤት ወረቀት መገልበጥ አያዋጣም። በሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ላይ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ቢሰቀሉ ደስ እንደሚልዎትም ይንገሯቸው፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ወላጆች አብረዎት ቢናገሩ መምህሩ የሚደፍሩበት አቅም ያገኛሉ።

በቤት በኩል ከላጲሱ ጋር ትግል አይግጠሙ፤ እርሳሱን በእስክሪብቶ ወይም በከሰል ይለውጡለት። የአሮጌ ካላንደር ጀርባ ሰፊም ጠንካራም ስለሆነ ለዚህ ይሆናል። ሲጨርስ «ጎበዝ» ብለው ከማለፍ፣ ይህ ሰው ማን እንደሆነና ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁት፤ ታናሽ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ እንደልቧ ስትሥል ግን በምንም ምክንያት እንዳያወዳድሯቸው አደራ። በአንዱ የዕረፍት ቀንም መካኒሳ ወደሚገኘው ዞማ ሙዚየም ይውሰዱት። በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ስፍራ ግድግዳዎቹ በአገራችን የጭቃ ቤት አሠራር በጭቃና በጭድ ተሠርተው ቅርጽ የወጣላቸው ናቸው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም ከተጣሉ የኮምፒውተር ክፍሎችና ከኤሌክትሪክ ሽቦ በሚሠሯቸው ሥራዎች በዓለም የታወቁ ናቸው። ልጁ ትልልቅ ሰዎች የሚያደንቁት ሥራ ሁሉ ፎቶ የሚመስል እንዳልሆነ በዓይኑ ቢያይ፣ ከእርስዎም ከእኔም ምክር የተሻለ ይሠራለታል።

የባለቤትዎ ሐሳብ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ልጁ በሒሳብ ደካማ ከሆነ ማጠናከሪያው ያስፈልገዋል፣ ሌላ ቀንም ሊፈለግለት ይችላል፤ ካልሆነ ግን ሥዕሉ ስላልተዋጣለት ብቻ በሒሳብ መተካቱ ለልጁ ቅጣት ሆኖ ይሰማዋል።

እስከ ጥር ድረስ ጊዜ ይስጡት። ከመምህሩ ጋር ከተነጋገሩ በኋላም እስከዚያ ድረስ ያው ቤትና ያው ተራራ ከመጣ ያለ ጸጸት ያስወጡት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አባቱ በሌለበትም፣ ባለበትም ልጁን ራሱን ይጠይቁት፤ በደብዳቤዎ ውስጥ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የመምህሩን ሐሳብ አግኝቻለሁ፣ ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማዕከሉ ሲሄድ ደስ ይለው እንደሆነ ግን የተጻፈ ነገር አላየሁም።