ጥያቄና መልስ፦ ልጆችን በስልክና በታብሌት እንግሊዝኛ ማስነበብ

ድሬ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን እንግሊዝኛ ንባብ አስተምራለሁ። ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ ስልኩን ለልጁ ሰጥታችሁ ወደ ሥራችሁ አትሂዱ። አጠገቡ ተቀመጡ።

የሳቢያን እናት፦ ቲቸር፣ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። ኤቢሲዲን በዘፈን ትወጣዋለች፣ ማንበብ ግን አቃታት።

መልስ፦ ዘፈኑ ያስያዛት የፊደሎቹን ስም ነው፤ ለማንበብ የሚያስፈልጋት ድምፃቸው ነው። በእኛ ፊደል «በ» ስሙም ድምፁም ያው «በ» ነው። እንግሊዝኛ ግን በ26 ፊደል 44 ገደማ ድምፆችን ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ፊደሉ ሲነካ «ሲ» ሳይሆን «ክ» የሚል አፕ ፈልጊ። ከዚያ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ እየሳበች «ክ፣ አ፣ ት... ካት» ትበል። ራሷ በአፏ ትበለው፤ ስልኩ ያለላት አይቆጠርም።

ከገንደ ቆሬ፦ የቱ አፕ ይሻላል?

መልስ፦ ለስንት ዓመት ልጅ? ፊደል ይለያል አይለይም? እንዲህ በደፈናው አይመለስም። ካን አካዳሚ ኪድስ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም፤ በእሱ ጀምር። አጠገቡ ተቀመጥ።

የ2ኛ ክፍል አስተማሪ፦ ክፍሌ ውስጥ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ማንበብ የጀመሩ ልጆች አሉ። ፊደሉን ከሌሎቹ ቀድመው ያውቁታል፣ እንግሊዝኛው ላይ ግን ይምታታባቸዋል።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ሁለቱም ቋንቋዎች እንደ እንግሊዝኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞው ፊደል፣ «ሲ» «ጭ» ነው፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። በሶማልኛ «ኤክስ» ከጉሮሮ የሚወጣ «ሕ» ነው። ሁለት «ኢ» ተከታትሎ ሲመጣ በቁቤ ረጅም «ኤ» ስለሆነ ልጁ «ሲ» (see) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ሴ» ብሎ ያነበዋል። አፑ ይሄን ከየት ያውቃል? ቀይ ምልክት ያሳየዋል፤ ልጁም ማንበብ የማይችል ይመስለዋል። እኮ በቁቤ ትክክል ነው ያነበበው! «ተሳስተሃል» አትበሉት። «በኦሮምኛ እንደዚያ ነው፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ እንዲህ» በሉት። «ም፣ ን፣ ል፣ ስ፣ ብ» በሦስቱም ቋንቋ አንድ ስለሆኑ በእነሱ ይጀምር። የሚለያዩትን ፊደሎች በኋላ አንድ በአንድ አምጧቸው። እነዚህ ልጆች ወደ ኋላ የቀሩ ሳይሆኑ የቀደሙ ናቸው።

ከከዚራ፦ ቲቸር አጠገቡ ተቀመጡ ትላለች እንጂ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ያለ አስተማሪ ታብሌት ተሰጥቷቸው ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው ኤቢሲዲ ሲዘፍኑ አልነበር?

የሳቢያን እናት፦ መዝፈንማ የኔም ትዘፍናለች አቦ! ማንበብ ነው ያቃታት።

ከከዚራ፦ ምንም ከሌለው ልጅ ግን ይሻላል።

ከመጋላ፦ ስልክ ዓይን ያበላሻል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ መጀመሪያ ስለሱ ተነጋገሩ።

መልስ፦ ዓይኑን የዓይን ሐኪም ጠይቁ። ወደ ንባቡ እንመለስ።

ከአዲስ ከተማ፦ ዳታ ውድ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዋይፋይ ያለበት ቦታ የካን አካዳሚ ኪድስን መጽሐፎች አውርዱ፤ ያለ ኔት ይከፈታሉ።

ከቀፊራ፦ ሰላም፣ ጥሩ አፕ ጠቁሚን እስቲ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ከለገሃር፦ በቀን ስንት ደቂቃ ይበቃል?

መልስ፦ ለትንሽ ልጅ 15 ደቂቃ። ከዚያ ስልኩን ዝጉና ያነበባቸውን ቃላት በወረቀት ጽፋችሁ አስነብቡት። ወረቀቱ ላይ ካቃተው ስክሪኑ ላይ ሥዕሉን እያየ ሲገምት ነበር ማለት ነው፤ በማግስቱ ያንኑ ትምህርት ድገሙለት። አጠገቡ ሆናችሁ!